ማስተማርን ለስልክ አስረክቦ የማረፍ ዘዴ

ክቡር መምህር ሆይ፣ በመጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱ። ስሙን «11ኛ ቢ ባዮሎጂ» ይበሉት፤ አጠገቡ የአበባ ምልክት ይለጥፉበት። ከዚያ የመማሪያ መጽሐፉን ፒዲኤፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ይልቀቁና ከሥሩ «ከገጽ 40 እስከ 75 አንብቡ» ብለው ይጻፉ። በቃ፣ አስተምረዋል። በማግስቱ ክፍል ሲገቡ «ግሩፑ ላይ አስቀምጫለሁ» ይበሉ። አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይኼ አልገባኝም» ቢልዎት፣ መልስዎ ያው ይሁን፤ «ግሩፑ ላይ አለ።»

ግሩፑ ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ ግን እንዳይቆጥሩ። ስድሳ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል አባሉ አሥራ ዘጠኝ ቢሆን፣ ከአሥራ ዘጠኙም ሦስቱ አምና ያለፉ፣ አንዱ ደግሞ ጫማ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ቢሆን፣ ቁጥር የሒሳብ መምህሩ ሥራ ነው። የሌሉት ልጆች እነማን እንደሆኑም አይጠይቁ። በከተማችን በሐሙሲት ለሚኖር ሰው መልሱ ከበሩ ፊት ነው፤ ከየገጠር ቀበሌው መጥተው፣ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩት ናቸው። ቅዳሜ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ሩዝ ከጤፍ ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራና በሶ ተሸክመው ይመለሳሉ። ያ ስንቅ እስከ ዓርብ መድረስ አለበት። ስልክ ካላቸውም የእጅ ባትሪ ያላት ባለ በተኗ ናት፤ እሷ ፒዲኤፍ አትከፍትም።

አምና በኅዳር፣ የሩዝ አጨዳው በተጧጧፈበት ሰሞን፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ መሸት ሲል አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ አየሁ። ጉልበቷ ላይ ደብተር፣ ግራ እጇ ላይ የጓደኛዋ ስልክ። የስልኩ መስተዋት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ገጹ ሰፊ፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ በሁለት ጣቷ ስታሰፋው የመስመሩ ግማሽ ይሸሻል። ወደ ቀኝ ስባ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ወደ ግራ ትመልሰዋለች። የሴሉን ሥዕል በእርሳስ ስላ ስትጨርስ አንደኛው ስም ስንጥቁ ሥር ገባባት። ስልኩን ወደ ሱቁ አምፖል አዘነበለች፣ እንደገና አዘነበለች፣ ከዚያ ቦታውን ባዶ ተወችው። ጓደኛዋ ከጎኗ ቆማ «ባትሪው ዘጠኝ ቀርቷል» ትላታለች። በአርባ ደቂቃ ገደማ አንድ ገጽ ተኩል ገለበጠች። የታዘዘችው ሠላሳ ስድስት ገጽ ነው።

አንተ ሰው! ያንን ሥዕል በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ለመሣል ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር? አሥር? ስሙን እየጠራህ፣ እየጠቆምክ፣ «ይኼስ ምን ይባላል?» እያልክ? ደመወዙ ወር እንደማያደርስህ አውቃለሁ፤ ቤት ኪራዩንም፣ ዘይቱንም አውቃለሁ። እሱን ያደረገብህ ግን በረንዳ ላይ የተቀመጠችው ልጅ አይደለችም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡር መምህር፣ ወደ ምክራችን እንመለስ።

ግሩፑን ከከፈቱ በኋላ የቤት ሥራውንም እዚያው ይስጡ፤ የሚሰጡትም ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ይሁን። የማስረከቢያውን ጊዜ ጠዋት ያድርጉት። ተማሪዎቹ መልሱን በፎቶ አንስተው ይላኩ። ፎቶው ካልደረሰ ዜሮ ይሙሉ፤ «ዳታ አልነበረኝም» የሚል ተማሪ ሰነፍ ነው። በ2015 ክረምት ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ግሩፑ ምን ሆኖ ነበር የሚል ጥያቄ ቢነሳ፣ ጥያቄውን ያነሳው ሰው ነገረኛ እንደሆነ በፈገግታ ያመልክቱ። ያኔ ትምህርቱን ያቆየው ደብተርና በመምህሩ እጅ የነበረው አንድ የታተመ መጽሐፍ መሆኑን የሚያስታውስ እንዳይኖር።

ፕላዝማ ቴሌቪዥኑንም ይርሱት። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት ነበር፣ በእንግሊዝኛ። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ጊዜ ይሰጣል፣ ልጁ መለሰም አልመለሰም ይቀጥላል። እጅ ማውጣት አይቻል፣ «ይድገሙልኝ» ማለት አይቻል። የክፍሉ መምህር መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት መሐሉን ከልጆቹ ጋር ቆሞ ያያል። መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜውም አብሮ ሄደ። ብዙዎቻችን እዚያ ፊት ተቀምጠን ነው ያደግነው፤ የማይሰማን ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ማየትን ጥርት አድርገን ተምረናል። ታዲያ ያ ሁሉ ሲሆን ያየ ሰው፣ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኖ፣ ዩቲዩብ ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ በር ላይ ሲቆም ምን ይባላል? ያኔ ስክሪኑ ቢያንስ ከኋላ ወንበር ይታይ ነበር!

ኮሮና መጥቶ መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቴሌግራሙ፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ለችግር ጊዜ ነበር የገቡት፤ ችግር ነበርና ማንም አልከፋውም። ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ልጁ ከፊትዎ ተቀምጦ ሳለ ግን አሁንም በቴሌግራም ያነጋግሩት።

አሁን መምህራኑን በቴክኖሎጂ ወደሚያሠለጥነው አሠልጣኝ እንምጣ፤ እሱም ምክር ያስፈልገዋል። አሠልጣኝ ሆይ፣ የሁለት ቀን ሥልጠናዎን በፕሮጀክተር ያድርጉ። ስላይዱ ላይ የሃያ አፕ ስም ይደርድሩ፤ ጎግል ክላስሩም፣ ካሁት፣ ካን አካዳሚ። አብዛኞቹ ኔትወርክ እንደሚፈልጉ አያንሱ። መምህራኑ አንዱንም በእጃቸው ሳይሞክሩ ለሻይ ይውጡ። አንዲት መምህርት «እኛ ጋ በቀን ለስንት ሰዓት መብራት እንዳለ ታውቃለህ?» ብላ ከጠየቀችዎ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በውይይት ጊዜ እንመለስበታለን» ይበሉ። አይመለሱበት። አበሉን አስፈርመው ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሕር ዳር ይግቡ።

ከሁሉ በላይ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር እንዳለ ለማንም እንዳይነግሩ። ልጆቹ ፊልምና መዝሙር ከስልክ ወደ ስልክ የሚቀባበሉበት ዜንደር ለትምህርትም እንደሚሆን አይጥቀሱ። ውክፔዲያን ሚሞሪ ላይ ጭኖ ያለ ዳታ የሚያስነብብ ኪዊክስ የሚባል አፕ አለ፤ ስሙን ያፍኑት። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራን በሥዕል እያንቀሳቀሰ የሚያሳየው ፌት አንዴ ከወረደ ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ላቦራቶሪው ባዶ መደርደሪያ ለሆነ ትምህርት ቤት ይህ በጣም አደገኛ ዕውቀት ነው።

አንድ የማውቀው መምህር ይህን ሁሉ ምክር ጥሶ ያስቸግራል። ከፒዲኤፉ የሳምንቱን ስምንት ገጽ ብቻ ቆርጦ ያወጣል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ባሉት ስድስት ስልኮች ላይ በዜንደር ይጭነዋል። ለአንድ ስልክ አሥር ልጅ ይመድባል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው ላልገባው ያስረዳል። እሱ በመካከላቸው እየተዘዋወረ ይጠይቃል። ስልክ ያለው ልጅ እንዳይኮራ፣ የሌለው እንዳያፍር ብሎ ስልኩን የሚይዘውን በየሳምንቱ ይቀያይራል። ዳታ አልገዛም፣ በጀት አልጠየቀም። የጨመረው እሑድ ማታ የሚቀመጥባትን አንድ ሰዓት ነው።

ለተማሪ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። አሳይመንቱን ቻት ጂፒቲ ይሥራልህ፣ አንተ ስምህን ጻፍ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑን አትስማ። ፈተናው ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠቱንም አትስማ። ማውስ በእጅህ ነክተህ ሳታውቅ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥ።

እዚህ ላይ ፌዝ አይወጣኝም። በፎገራ ሜዳ ጭቃ ውስጥ ሩዝ ሲያርም ክረምቱን የከረመ ልጅ፣ ኮምፒውተር ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎበት ቆይቶ፣ የሕይወቱን ፈተና በማያውቀው ዕቃ ላይ እንዲፈተን ማድረግ በደል ነው። በደሉ ደግሞ ቁልፍ ያዥ አለው።

እንግዲህ የመጨረሻው ምክር ለርዕሰ መምህሩ ነው። ታብሌት በእርዳታ ሲመጣ ቆጥረው ይረከቡ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19) ይቁረጡ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ያስገቡ። ቁልፉን ከቤትዎ ቁልፍ ጋር ይሰኩት፤ ደብረ ታቦር ለስብሰባ ሲሄዱ አብሮዎት ይሂድ። «ልጆች ይሰብሩታል» ይበሉ። ባትሪው ሳይሠራበት አብጦ ጀርባውን ቢከፍተው፣ ልጅ አልሰበረውም። እንግዳ የሚመጣ ዕለት ብቻ ካርቶኑን ያስወጡ፤ ንጹሕ ዩኒፎርም የለበሱትን ይምረጡና አርባ ልጅ ያስቀምጡ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ያስይዙ። ስክሪኑ ባይበራም ጎንበስ ብለው እንዲያዩት ይንገሯቸው። ፎቶው ይነሣ። እንግዳው መኪና ውስጥ ሲገባ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ በየወንበሩ እየዞረች ትሰብስብ፤ ጣቱ ስክሪኑን ለቅቆ የማይወጣ አንድ ትንሽ ልጅ ካለ ቀስ ብላ ትቀበለው። አርባ ወጥቷል፣ አርባ ገብቷል፤ ያስፈርሟትና ይቆልፉ።