የዕረፍት ሥራ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለ ሐበሻ ሲያርፍ ለማየት የፈለገ ሰው ብዙ ይደክማል። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ ግን አላረፈም። ሠርግ ቤት እስክስታው ደርቷል፤ ነገር ግን ከጨፋሪው እኩሌታ ሌሊት 10 ሰዓት ሥራ ገቢ እንደሆነ ሰዓቱን ሲሰርቅ ያስታውቅበታል። ቡና እየጠጣ ያገኛችሁትም ከአንዱ ሥራ ወጥቶ ሌላው እስኪደርስ የሚጠብቅ ነው። ዝም ብሎ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ምክንያት ይጠይቃል። አንድ ሐበሻ ባዶ እጁን ወንዝ ዳር ተቀምጦ ከታየ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል። «ምነው ደኅና አይደለም እንዴ? ከባለቤቱ ጋር ተጣላ?» ይባላል። እጁ ላይ ዘንግ ካለ ግን ጠያቂ የለውም። ዓሣ እያጠመደ ነዋ! ዓሣ ማጥመድን የጀመረው የራበው ሰው ነው ይላሉ፤ እኔ ጠያቂ የበዛበት ሰው ነው ባይ ነኝ።

ይህን ምስጢር ከሁላችንም ቀድሞ የደረሰበት አንድ ወዳጃችን ያገለገለች የአልሙኒየም ጀልባ ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ቀርቶ «ባለ ጀልባው» ሆኗል፤ እሱም አልጠላውም። ለዓመታት በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ለማረፍ ደግሞ የት ወሰደን? ግራቭሊ ፖይንት። ለማያውቁት፣ ግራቭሊ ፖይንት ከዚያው ከሬገን ማኮብኮቢያ ጫፍ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለ መስክ ነው። ጀልባ ማውረጃ አለው። ከአናት በላይ ደግሞ አውሮፕላን አለው፤ የጎማው ጉድፍ የሚቆጠርበት ቅርበት።

ጊዜው ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ፣ ቀኑ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተገናኘን። ሦስተኛችን ጋሼ ናቸው። ጣና ዳር ያደጉ፣ ጡረታ የወጡ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ የመጡ። ላይፍ ጃኬቱን በነጠላው ላይ ሲያጠልቁላቸው፣ «በደንገል ታንኳ ጣናን ስሻገር ማንም ብርቱካናማ አላለበሰኝም» እያሉ አጉረመረሙ።

ዕረፍት እዚህ አገር ወረቀት አለው። ሞተሩ 10 የፈረስ ጉልበት ከደረሰ ቨርጂኒያ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ትጠይቃለች፤ ባለ ጀልባው ተምሯል፤ ተፈትኗል፤ አልፏል፤ ይህንንም በየአምስት ደቂቃው ያነሣል። የማጥመጃው ፈቃድ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጀልባዋን ያወረድንበት መሬት የቨርጂኒያ ነው። ውሃው ደግሞ የዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ስለዚህ የዲሲ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቁልቁል ወርዳችሁ የዊልሰንን ድልድይ ካለፋችሁ ወንዙ የሜሪላንድ ይሆናል። ምክንያቱም የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1632 ለሎርድ ባልቲሞር ወንዙን እስከ ማዶው ዳር ጨምረው ስለ ሰጡት ነው። በዚህ ጉዳይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እስከ 2003 ድረስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመው ተሟግተዋል። ሦስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ! የርስት ክርክር የእኛ ብቻ አመል መስሎኝ ሳፍር የኖርኩት በከንቱ ነው።

ዲሲ ፈቃድ የምትጠይቀው ዕድሜው ከ16 እስከ 64 የሆነውን ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ተነፋ። «አያችሁ፣ እዚህም ሽማግሌ ይከበራል» አሉና ከሁላችንም ቀድመው መቃጥናቸውን ወረወሩ።

አሁን ዕረፍቱ ተጀመረ ተብሎ ይታሰብ። መልሕቁ ወርዷል፤ ሦስት ዘንግ ተደግኗል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከወንዙ ላይኛ በኩል አውሮፕላን ብቅ አለ። ኋይት ሐውስ አካባቢ በሰማዩ ማለፍ ክልክል ስለሆነ አብራሪዎቹ ወንዙን ተከትለው እየተጠማዘዙ ይመጣሉ፤ እኛ ደግሞ ወንዙ ላይ ነን። ጆሯችን ደነቆረ። ጸጥታው ገና ከመመለሱ ሌላው ደረሰ። ባለ ጀልባው ዘንጉን ረስቶ አንጋጦ ያያል። «ይሄ ሙሉ ነው» ይላል። «አሁን ወረፋው ይንቀሳቀሳል።» የምን ወረፋ? የታክሲው! ሰውዬው ውሃ ላይ ተቀምጦ አሳቡ ተርሚናሉ በር ላይ ተሰልፏል። በመጨረሻ አላስቻለውም፤ እዚያው ተረኛ ለሆነ ጓደኛው ደውሎ ሦስት አውሮፕላን በተከታታይ መውረዱን ነገረው። ጓደኛው አመሰገነና የት ሆኖ እንደሚያይ ጠየቀው። «ዕረፍት ላይ ነኝ» አለ ባለ ጀልባው፣ በኩራት።

ጋሼ በበኩላቸው ወንዙን መመርመር ይዘዋል። ዓባይ ከጣና ሲወጣ እያዩ ያደጉ ሰው ስለሆኑ በወንዝ ጉዳይ ተከራካሪ አይወዱም። አንድ ሰዓት ያህል የዋሽንግተንን ሐውልት ፊት ለፊታቸው አድርገው ተቀምጠው ነበር። 169 ሜትር ቁመት ያለው ነጭ ድንጋይ ስለሆነ ቢፈልጉም አይጠፋቸውም። ትንሽ አሸለባቸው። ሲነቁ ሐውልቱ የለም።

«ሐውልቱን ማን ወሰደው?»

«ከኋላዎ ነው ጋሼ።»

ዞረው አዩት። ወደ ፊት አዩ። መልሕቁን አዩ። ከዚያ ባለ ጀልባውን በጥርጣሬ አዩት። «ተኝቼ ሳለ ጀልባዋን አዙረሃል።»

ያዞራት ግን ባሕሩ ነው። ከዋሽንግተን እስከ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያም ሆኖ ባሕሩ ሲሞላ ፖቶማክ እዚህ ድረስ ከፍ ይላል፤ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል፤ ልዩነቱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ይህም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ሙላቱ የሚያቆመው ከከተማው በላይ፣ ሊትል ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ ጋ ሲደርስ ነው። ዝናብ ሲቀንስና ወንዙ ሲደክም ውሃው ቁልቁል መውረዱን ትቶ ይቆማል፤ ቀጥሎ ሽቅብ ይመለሳል። ቢቀምሱት ጨው የለውም፤ የሚመለሰው ያው ጠዋት ወርዶ የነበረው የወንዙ የራሱ ውሃ ነው። በመልሕቅ የታሰረች ጀልባም አፍንጫዋን ወደ አዲሱ ፈሳሽ አዙራ ትቆማለች።

ባለ ጀልባው ይህን ሁሉ ከነፈተናው ሲያስረዳ ጋሼ በጥሞና ሰሙ። ውሃው ላይ የምትንሳፈፍ አንዲት ቅጠል ሽቅብ ስትሄድ በዓይናቸው ተከተሏት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዓባይ እንኳ ሄዶ ቀረ። እኔም 'ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ' ብዬ ወጥቼ ይኸው ሸበትኩ። ይኼ ወንዝ ስድስት ሰዓት ሄዶ ይመለሳል?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ደግነቱ አውሮፕላን መጣ።

ከፖቶማክ ዓሣዎች ውስጥ እኛ የምንፈልገው ሰማያዊ አምባዛ የሚሉትን ነው፤ የእኛው አምባዛ የሩቅ ዘመድ፣ ጢማም፣ ካደገ ከ40 ኪሎ በላይ የሚደርስ። የትውልድ አገሩ ሚሲሲፒ ነው። በ1970ዎቹ የቨርጂኒያ ሰዎች ራሳቸው ለስፖርት ማጥመጃ ብለው አምጥተው በወንዞቻቸው ጨመሩት፤ አሁን ወራሪ ነው ይሉታል። «በዲቪ አስገብተው ሲያበቁ!» አሉ ጋሼ። እባብ ራስ የሚሉት ሌላው ዓሣ ደግሞ መነሻው ከምሥራቅ እስያ ነው፤ በ2002 ሜሪላንድ ውስጥ ክሮፍተን በምትባል ከተማ ኩሬ ተገኝቶ አገር ተሸበረ፤ ኩሬውን በመርዝ አጸዱት። በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ብቅ አለ። አየር ስለሚተነፍስ ከውሃ ውጭም ትንሽ ይቆያል፤ የያዘው ሰው እንዲገድለው ይመከራል። ጋሼ ስለ እሱ አስተያየት አልሰጡም፤ ወረቀታቸው የት እንዳለ ብቻ ኪሳቸውን ዳሰስ አደረጉ።

ለአምባዛ የሚሆነው ምግብ የዶሮ ጉበት ነው። ባለ ጀልባው አንድ ዕቃ ሙሉ ይዞ መጥቷል፤ በፍልሰታ! ጋሼ ጣታቸውን ላለማስነካት ጉበቱን የሚሰካላቸው እኔ ሆንኩ። ብዙ ጉበት በነጻ ከተበላብን በኋላ የጋሼ ዘንግ ድንገት ጎበጠ። ተጯጯኽን፤ ጀልባዋ ተወዛወዘች፤ ባለ ጀልባው መረቡን ይዞ የተማረውን ሁሉ ረሳ። ዞሮ ዞሮ አንድ የረባ አምባዛ ጀልባዋ ወለል ላይ ተጋደመ።

ክርክሩ የተነሣው ያኔ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የድሮ ነው፤ ባለ ጀልባው ይበላል ባይ፣ የጋሼ ባለቤት እትዬ አይበላም ባይ መሆናቸው ይታወቃል። አዲሱ ጥያቄ የጋሼ ነው። «እሺ፣ ዓሣ የጾም ነው እንበል። ዶሮ የበላ ዓሣስ?»

ባለ ጀልባው ዓሣው አልቆረበም፣ አይጾምም ብሎ ተከራከረ። ጋሼ ዓሣው አይጾምም፣ ጉበቱ ግን ሆዱ ውስጥ ነው አሉ። እኔ የሆድ ዕቃው ስለሚጣል ችግር የለም ብዬ ልገላግል ሞከርኩ፤ ሁለቱም ተቆጡኝ። ይህ ሳይበቃ ባለ ጀልባው የጤና ማስጠንቀቂያ አስታወሰ፤ በዚህ ወንዝ ዓሣ ስብ ውስጥ ፒሲቢ የተባለ የፋብሪካ መርዝ ይጠራቀማል፤ ዓሣው በተለቀና ባረጀ መጠን መርዙ ይበዛል፤ ስለዚህ ትልቁን መተው፣ ከትንሹም ጥቂት መብላት ይመከራል።

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ለንስሐ አባታቸው ደወሉ። ጉዳዩን ከሥር መሠረቱ አስረዱ፤ ጾሙን፣ ጉበቱን፣ ሚሲሲፒን ሳይቀር። አውሮፕላን አለፈ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። በመጨረሻ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኛ ዞሩ።

«'ለመሆኑ ስንት ኪሎ ይሆናል?' ነው የሚሉት። ትልቅ ነው ካልኩ መርዝ አበላኋቸው፣ ትንሽ ነው ካልኩ ከእኛ አይተርፍም። ምን ልበል?»