ስለ ስለት፦ የሲኒ ቂጥን መነሻ ያደረገ ጥናት

አማርኛ ለቢላ ሳይንስ ያበረከተው የመጀመሪያ አስተዋጽኦ ግራ ማጋባት ነው። ሠዓሊው ሥዕል ሳለ፤ ጉንፋን የያዘውም ሳለ፤ ባለቢላውም ሳለ። ስለትም ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ሽንኩርት ይቆርጣል፣ ሌላው ቁልቢ ድረስ በእግር ያስኬዳል። ይህ ጥናት በመጀመሪያው ላይ ያተኩራል፤ ወደ ሁለተኛው የሚዞረው ሲጨንቀው ብቻ ነው።

የጥናቱ ናሙና አንድ ነው፤ የቤታችን ቢላ። ዓመቱን ሙሉ ዱልዱም ሆኖ ይኖራል፤ ቲማቲም ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። በፋሲካ ዋዜማ ግን፣ ዶሮዋ 12 ብልት ልትወጣ ስትል፣ ቤተሰቡ በሙሉ የስለት ተመራማሪ ይሆናል። መሳያ መግዛት ለከርሞ ይተላለፋል። ያለው ዘዴ እንደ ቡናው ሦስት ደረጃ አለው።

አቦል፦ የበረንዳው ሲሚንቶ። ውሃ ጠብ ይደረግበትና ቢላው ይፈተግበታል። በውስጡ ያለው አሸዋ ከብረቱ ስለሚጠነክር ብረቱ ይበላል፤ የሰፈሩም ጥርስ ይጠርሳል።

ቶና፦ የሲኒ ቂጥ። ሲኒ ሲገለበጥ ሻካራ ቀለበት ይታያል። በእቶን ሲተኮስ ከታች ካለው ጋር እንዳይጣበቅ የሚያብረቀርቀው ቅብ እዚያ ላይ አይደርስም። የሲኒ ሠሪው ጥንቃቄ ለእኛ ሞረድ ሆነ። ቢላው 20 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ፣ በሁለቱም ጎን እኩል ይጎተታል። ማዕዘኑን የሚለካው የአባት ዓይን ነው፤ የሚያርመው የእናት አፍ።

በረካ፦ ቀበቶ። ብረት ሲሳል ጠርዙ ላይ በዓይን የማይታይ ቀጭን ጭራ ይጠማዘዛል፤ ቆዳው እሱን ያቃናል። ቢላው በጀርባው እየመራ ይጎተት፤ በስለቱ ከመራ ቀበቶው ሁለት ይሆናል። ቀበቶ ልጅን በማቅናት ረገድ የቆየ ስም አለው፤ በሙከራ የተረጋገጠው ግን ብረትን ማቅናቱ ብቻ ነው።

ውጤት፦ ስል ቢላ ሽንኩርቱን ስለማይጨፈልቀው ዓይን የሚያስለቅሰው ትነት ይቀንሳል። ቤቱ ሳያለቅስ ከትፎ መጨረሱን ጎረቤት ተጠራጠረች። ወዲያው በአጥሩ በኩል፣ «እስቲ ያን ቢላችሁን አንዴ ወዲህ በሉኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጥናቱ እዚህ ላይ ተቋርጧል። ናሙናው ከአጥር ማዶ ነው። በስለቱ እንዲመለስልን፣ ሁለተኛውን ስለት ተስለናል።