መብራት ሲጠፋ የሚጮኸው

የቤት አላርም ሌባ ሲገባ እንዲጮህ የተሠራ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ደጋግሞ የሚሰማው መብራት ሲጠፋ ነው። ሌባና መብራት ኃይል ምን እንዳገናኛቸው ለማወቅ የአላርም መግጠምን ሙያ ከሥሩ መጀመር ይገባል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በጎረቤት ሳይረን የተቀሰቀሰ ሰው ደግሞ ከሥሩ ለመጀመር ጊዜ አያጣም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሌባ ደወል እ.ኤ.አ. በ1853 በስሙ ያስመዘገበው አውግስጦስ ራስል ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሰመርቪል በምትባል ከተማ ሰባኪ ስለነበረ የተኛን መቀስቀስ እንግዳ ሥራ አልሆነበትም። መብቱን በ1857 ኤድዊን ሆምስ ገዛውና ንግድ አደረገው። በፖፕ ደወል በር ሲከፈት መስመሩ ይገናኛል፣ መዶሻዋም ትመታለች። በዛሬው አላርም ነገሩ ተገልብጧል፤ መስመሩ ተገናኝቶ ያድርና ሲቋረጥ ይጮሃል። እንዲህ የሆነው ሽቦ ቆርጦ የሚገባ ሌባ እንዳያመልጥ ነው። ይህችን ነጥብ መያዝ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው።

አላርም ገጣሚው ይዞት የሚመጣው ዕቃ ብዙ አይደለም። መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ የምስጢር ቁጥር የሚነካበት ሰሌዳ፣ የበርና የመስኮት ማግኔት፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ ሳይረን፣ 12 ቮልት ባትሪ፣ አንዳንዴም ለባለቤቱ የሚደውል ሲም ካርድ። ማግኔቱ ሁለት ቁራጭ ሲሆን አንዱ በሩ ላይ፣ ሌላው መቃኑ ላይ ይታሰራል። የከተማችን በር ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ የማግኔቱን ጉልበት ይሻማል። የሚያውቅ ገጣሚ ለብረት በር ተብሎ የተሠራውን ጠንካራውን ይገዛል፣ ወይም ከሥሩ ፕላስቲክ ያስገባል። የማያውቀው በማስቲሽ ለጥፎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ በሩን በነቀነቀ ቁጥር ሌባ ገብቷል።

የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ የሚያየው ከገላ የሚወጣ ሙቀት ቦታ ሲቀያይር ነው። ከወለል 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ማዕዘን ላይ ይሰቀላል፤ ፊቱን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ወይም ወደ ምድጃ አያዞሩትም። ሽቦው የገባበት ቀዳዳ በሲሊኮን ካልተደፈነ ሸረሪት ትገባለች፤ ዓይኑ ላይ የምትሄድ ሸረሪት ለሴንሰሩ ከሙሉ ሰው አታንስም። ከዚሁ ሳጥን ጋር የጭስ ሴንሰር የሚያስገጥም ቤትም አለ። እሱ ዕጣንን ከቃጠሎ አይለይምና የዚያ ቤት ቡና ከሦስተኛው በፊት ይበተናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓት መሙላት ነው። በየትኛውም መመሪያ ላይ ከግማሽ ገጽ አያልፍም፤ እዚህ አገር ግን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። ባለቤቱ «ማታ በ4 ሰዓት በራሱ ይቆለፍ» ይላል። ሳጥኑ የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን ቆጠራ ስለሆነ ማታ 4 ሰዓት ለእሱ 22 ነው። ገጣሚው እንደሰማ 4 ብሎ ከሞላው፣ ሳጥኑ ሌባ በሚወጣበት ሰዓት ተኝቶ ያመሽና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይነቃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደግሞ የቤቱ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ለኪዳን የሚወጡበት ነው። በር ሲከፍቱ ሰፈሩ አብሯቸው ይነሣል። ዋሽንግተን ያለው ልጃቸው በስልኩ «ቤት ተሰብሯል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ እዚያ ገና ማታ ነው። ወዲያው ይደውላል፤ እናት ግን ስልካቸውን ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ደርሰዋል። «ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈት» የተባለው ቤት ደግሞ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት በገዛ ሳሎኑ ታስሮ ይውላል። የምስጢር ቁጥሩም ከዘመን አቆጣጠር አያመልጥም። አባወራው የትውልድ ዓመቱን ይመርጣል፤ ሳይረኑ ከመጮሁ በፊት በሚሰጠው 30 ሰከንድ ውስጥ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» የሚል ክርክር ይነሣል። በእኛ ነው ቢባል እንኳ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ይሁን እውነተኛው ገና አልተወሰነም። በፈረንጅ ነው ከተባለም ከጥር ጀምሮ የተወለደ 8 እንጂ 7 እንደማይደምር የሚያስታውስ ሰው መኖር አለበት። 30 ሰከንድ ለዚህ አይበቃም።

ወደ መብራቱ እንመለስ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እየተሟጠጠ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ያጥራል። ከግቢ ውጭ የሚሰቀለው ደህናው ሳይረን የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ከሳጥኑ የሚመጣው ኃይል ሲቋረጥበት ሽቦው ተቆረጠ ብሎ በራሱ ይጮሃል። እንግዲህ የሳጥኑ ባትሪ ሞቶ ከሰነበተ፣ መብራት ሲሄድ ሳጥኑ ዝም ይላል፣ ሳይረኑም ሌባ መጣ ይላል። ፈውሱ በዓመት አንዴ መብራቱን ነቅሎ ባትሪውን መፈተን ነው። የጥገናው ትልቁ ክፍል ይኸው ነው፤ ቀሪው አቧራ መጥረግ ነው።

ይህን ገጣሚው አሳምሮ ያውቃል። ሲሸጥ አይናገርም፤ ገዢው እንዳይሸሽበት። ብሶም ሳጥኑ የሚታዘዝበትን ዋና ቁጥር ለራሱ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ ባለሙያ ቢጠራ ሳጥኑ እጅ አይሰጥም። እሱ ሲደወልለት ክፍለ ሀገር ነው። ይህ ሙያ አይደለም፤ ሰውን በከፈለበት ዕቃ ማገት ነው። ባለቤቱም ከእሱ አይሻልም፤ ለሳሎኑ ቴሌቪዥን ያወጣውን አውጥቶ የአንድ ባትሪ ዋጋ ይሰስትና ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ «ሲደክመው ይተዋል» ይላል። ሳይረን አይደክመውም። የሚደክመው ማለዳ ታክሲ ተሰልፎ ሥራ የሚገባው ጎረቤት ነው።

ሶልት ሌክ ሲቲ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. አንድ ደንብ አወጣች፦ በቦታው ያለ ሰው እውነት መሆኑን ካላረጋገጠ ፖሊስ ለአላርም አይወጣም። አብዛኛው ጥሪ የሐሰት ሆኖ ስላስቸገራት ነው። የአዲስ አበባ ጎረቤት ያለ ምክር ቤትና ያለ ድምፅ ቆጠራ እዚያው ውሳኔ ላይ ደርሷል፤ ሳይረን ሲሰማ ጋቢውን ይከናነባል።

ለገጣሚው መፍረድም ያስፈልጋል። ለጥገና ልክፈል የሚል ደንበኛ ብርቅ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ዕቃ ይከፈላል፣ አይቶ ለሚሄድ እጅ ግን «ምን ሠራህና?» ይባላል። እናም ሥራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ዘበኛው ላይ ይወድቃል። ዘበኛ አላርም በገባበት ግቢም አልቀረም። ማታ ሳይረኑ ሲጮህ ተነሥቶ የእጅ ባትሪውን አብርቶ ግቢውን ይዞራል፤ ሌባ አለመኖሩን ያያል፤ ማጥፋት ግን አይችልም፣ ቁጥሩ አልተነገረውማ። ቁጥሩ ይነገረው እንዳይባል የቤቱን ምስጢር ለተቀጣሪ መስጠት ነው፤ አይነገረው እንዳይባል ሰፈሩ አይተኛም። በዚህ ላይ ባለቤቶችም ገጣሚዎችም እስካሁን አልተስማሙም።