የአቶ ዳያል አፕ የሕይወት ታሪክ፤ በቀብራቸው ላይ የተነበበ

የሟቹን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የተመረጥኩት ድምፄ ስለሚያምር አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን የማይጎረጉር ሰው ሲፈለግ እኔ ብቻ ተገኘሁ። እሱም ባትሪዬ አልቆ ነው።

አቶ ዳያል አፕ ከአባታቸው ከአቶ ስልክ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮምፒውተር በአሜሪካ አገር ተወለዱ። ዘራቸው ኮምፒውተርን በስልክ ሽቦ ከሚያነጋግረው ከሞደም ወገን ነው። ከአያቶቻቸው አንዱ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው ቤል 103፣ በሴኮንድ 300 ቢት ያስተላልፍ ስለነበር አንዲት ገጽ ደብዳቤ ለማድረስ ከደቂቃ በላይ ይፈጅበት ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የዴኒስ ሄይስ ኩባንያ ስማርት ሞደም የተባለውን አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ራሱ ቁጥር መደወልም ስልክ መዝጋትም ቻለ። ቤተሰቡ እንዲህ እያለ አድጎ በ1998 እ.ኤ.አ. በሴኮንድ 56 ኪሎ ቢት ላይ ደረሰ። ይህ ግን ሲቀበሉ ነው፤ ሲልኩ ከ33.6 አያልፉም። ከመስጠት መቀበል ይቀናቸው ነበር እያሉ የሚያሟቸው አሉ፤ ዛሬ የሚነሳ ነገር አይደለም።

አገራችን የገቡት በ1989 ዓ.ም. ነው። ከእሳቸው በፊት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ኢሜይል የሚላላኩ ጥቂት ዕድለኞች ነበሩ እንጂ፣ ኢንተርኔትን በተራ የቤት ስልክ ሽቦ ሳሎን ድረስ ያመጡልን ሟቹ ናቸው።

አመጣጣቸው ግን እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም። በመጀመሪያ ከሰፈሩ "ኮምፒውተር የሚችል" ልጅ ይፈለጋል። ልጁ ካቻቪቴውን ይዞ ይመጣል፣ ሣጥኑን ይፈታል፣ አቧራውን እፍ ይላል፣ የሞደሙን ካርድ ይሰካል። ቡና ይፈላለታል። ከካርዱ ኋላ ሁለት መንታ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ "ላይን"፣ ሌላው "ፎን" ይላል። ከግድግዳው የሚመጣው ገመድ "ላይን" ውስጥ፣ የቤቱ ስልክ "ፎን" ውስጥ መግባት አለበት። ጽሑፉ ግን ከጠረጴዛው ጀርባ ጨለማ ውስጥ ስለሆነ የሚሰካው በዳበሳ ነው፤ በዳበሳ የተሰካ ደግሞ መቼም ተገላብጦ ነው። ሞደሙ ሲሞከር የመደወያ ድምፅ የለም ይላል። የቤቱ ሰው ሁሉ ድምፅ አለ ብሎ ይምላል። ልጁ ጠረጴዛው ሥር ተመልሶ ይገባል።

ገመዱ ሲቃና ተራው የዊንዶውስ 98 ነው። ዳያል አፕ ኔትወርኪንግ የሚለው ተከፍቶ አዲስ መስመር ይበጃል፣ ስልክ ቁጥሩ ይጻፋል፣ የሰፈሩ የስልክ ጣቢያ አሮጌ ከሆነ "ቶን" ተትቶ "ፐልስ" ይመረጣል። ዊንዶውስ በመሀል የራሱን ሲዲ አምጡ ይላል። ሲዲው ለጎረቤት ተውሷል። ይመጣል። "ሪስታርት" ይባላል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ሞደሙ ከርካሾቹ ወገን፣ ዊንሞደም የሚባለው ከሆነ ደግሞ ራሱ መሥራት የሚገባውን ሥራ ለፕሮሰሰሩ ስለሚያሸክም፣ ያረጀው ፔንቲየም መስመር ሲይዝ ማውዙን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። በመጨረሻ የይለፍ ቃሉ ይገባል፤ ስሕተት 691 ይመጣል፤ ካፕስ ሎክ በርቶ ኖሯል።

ከዚያ ያ ድምፅ። ስለ እሱ ብዙ ተብሏልና እኔ የሚሠራውን ብቻ ልናገር። ከማዶ ያለው ሞደም ስልኩን ሲያነሳ በ2,100 ኸርዝ ያፏጫል፤ ይህ ፉጨት በመስመሩ ላይ ያሉትን የማሚቶ ማጥፊያዎች "ዞር በሉ፣ የሚያወራው ሰው አይደለም" ማለት ነው። ቀጥሎ ሁለቱም እየጮኹ ሽቦው ስንት እንደሚችል ይለካሉ። በመጨረሻ የሚሰማው ሿሿታ መስማማታቸው ነው። ድምፁ ጮክ ተደርጎ የሚሰማውም በምክንያት ነው፤ ቁጥሩ ተሳስቶ ሰው "ሃሎ" ቢል ባለቤቱ እንዲያውቅ። ኤቲ ኤም ዜሮ በሚል ትእዛዝ ዝም ይላል። ይህን ያላወቁ ልጆች ሌሊት ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይደውሉ ነበር።

የሟቹ ጠባይ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ሌላ ሰው አያስቀርብም ነበር። ቤቱ ያለው አንድ መስመር ነው። እናት ለገበያ ወሬ እጀታውን ካነሱ ያ ሿሿታ ጆሯቸው ውስጥ፣ የልጃቸው ፋይል ገደል ውስጥ። ሐምሌ ላይ ዝናብ ከሽቦው መጋጠሚያ ሲገባ ደግሞ በበጋ በሴኮንድ 44,000 ቢት ይል የነበረው 26,400 ይሆናል። ዋሽንግተን ያለችው እህት ካርድ ገዝታ ስትደውል ስልኩ ተይዟል። ነገ ትደውላለች፣ ተይዟል። የያዘው ወንድሟ ነው። ምን እያደረገ? ለእሷ ኢሜይል እየላከ፤ "ለምን አትደውይም፣ እማዬ ተጨንቃለች" ብሎ።

የሕዝብ አገልግሎታቸው ሳይነሳ አይታለፍም። አሜሪካ የዲቪ ሎተሪን በወረቀት መቀበል ትታ በኢንተርኔት ብቻ ያደረገችው በ1996 ዓ.ም. ነው። ፎቶግራፉ ከ62,500 ባይት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ሟቹ በ20 ሴኮንድ ገደማ የሚሸከሙት ሸክም። በእሳቸው ጫንቃ ፎቶው አልፎ የተሻገረ ሰው ዛሬ ሜሪላንድ ቤት ገዝቷል። የአበባ ጉንጉን አልላከም።

አሁን ስለ ለቅሶው። ከፊት ተቀምጠው ደረት የሚመቱትን እያየሁ ነው። ድምፁ ናፈቀን፣ ያኔ ኢንተርኔት ክብር ነበረው፣ ሰው ይታገሥ ነበር ይላሉ። እነዚህ ሂሳቡን ያልከፈሉ ናቸው። የከፈሉት አባት ከኋላ፣ ምሰሶው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እንባም አልወጣቸው። አራት ሜጋ ባይት ዘፈን በ33.6 ኪሎ ቢት ሲወርድ 17 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ከተቋረጠ እንደገና ከሀ ነው፣ ቆጣሪው ግን ለተቋረጠውም ቆጥሯል። አባት ዘፈኑን አልሰሙትም። ወር ሲሞላ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ይመለከቱና "እዚህ ቤት ማነው ሲያወራ የሚያድረው?" ይላሉ። ማንም አላወራም። ኮምፒውተሩ ነው ሲያወራ ያደረው፣ ይህን ደግሞ ለእሳቸው የሚያስረዳ ልጅ አልተወለደም።

ትዕግሥቱም ቢሆን የቆጣሪው እንጂ የእኛ አልነበረም። ሰው ደብዳቤውን መስመር ሳይዝ በኖትፓድ ጽፎ ይጨርሳል፣ ደግሞ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ከዚያ ደውሎ ይልክና ይዘጋል። ኢሜይሎቹ ረጅምና የታሰበባቸው የነበሩት ለዚህ ነው። ጨዋነት ብለን የምናወራው ቁጠባን ነው፤ ቆጣሪው ሲነሳ ምን እንደምንጽፍ ታይቷል።

አሟሟታቸው ያሳዝናል። የስልክ መስመር ለሰው ድምፅ የሚተወው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ነው፤ ሟቹ ዕድሜ ልካቸውን በዚያች ጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ኖሩ። ከራሳቸው በላይ፣ በዚያው መዳብ ሽቦ ውስጥ፣ እስከ 1.1 ሚሊዮን ኸርዝ የሚደርስ ባዶ ፎቅ ነበር። ኤዲኤስኤል የተባለ አዲስ የኢንተርኔት ዘዴ መጣና ፎቁን ተከራየ። እናትም ስልክ ያወራሉ፣ ልጅም ያወርዳል፤ ማንም ማንን አይነካም። ከዚያ ሞባይሉ መጣ፣ ሽቦውም ተረሳ። አሜሪካ የቀረው የኤኦኤል ኩባንያ ዳያል አፕ እስከ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ተንገዳግዶ ተዘግቷል። እዚህ አገር ግን ሟቹ የሞቱት ቤት በቤት ነው፤ ጡሩምባ ነፊ የጠራው የለም።

አቶ ዳያል አፕ ትዳር አልመሠረቱም፤ ሊያጩ የደወሉ ሁሉ መስመሩ ተይዟል ተብለው ተመልሰዋል። ከቅርብ ዘመድ የተረፏቸው ወንድማቸው አቶ ፋክስ ብቻ ናቸው። ከአንድ ዘር ስለሆኑ ሲጮኹም አንድ ናቸው፤ አቶ ፋክስ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚወድ መሥሪያ ቤት ስላገኙ ዕድሜያቸው ረዝሟል። በሥራ ምክንያት ባይገኙም የሐዘን መግለጫቸውን ዛሬ ጠዋት ልከዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለተቋረጠ ማንን እንደሚያጽናኑ አልታወቀም፤ ማኅተሙ ግን ግልጽ ነው።