ካሜራዬ ጳጉሜን አታውቅም

የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ በቴሌግራም እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «የአክስቴ ፎቶ ደረሰን። ግን የጥምቀት ነው ብለህ የሜይ ላክህልን። ያውም የድሮ! አዲስ የለህም?»

ፎቶው ከተነሣ ገና አምስት ቀኑ ነበር።

በልጁ አልፈርድም። ካሜራዬ በፎቶው ግርጌ፣ በቀኝ በኩል፣ በብርቱካናማ ቁጥር «2017 05 11» ብላ ጽፋለች። ለእኔ ጥር 11 ቀን 2017 ነው። ቨርጂኒያ ተቀምጦ ለሚያነብ ግን ሜይ 11 ነው፤ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሜይ። ደግሞ ሚስቱ ከሥር «ያኔ እንዴት ልጅ ነበሩ!» ብላ ጨመረችበት። እናቴ ይህን ስትሰማ ቁጥሩ እንዳይነካ አዘዘች።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም 1 ነው። ያገለገለች ካሜራ ገዝቼ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው እየተቆላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አበራኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀን ነው። በአዲስ ዓመት ጠዋት፣ በገዛ ቤቴ፣ አደይ አበባ ፊት ቁጭ ብዬ «ሴፕቴምበር 11» ብዬ ልጻፍላት? «2017 01 01፣ 02:00» ብዬ ሞላሁ። ቅር ሳይላት ተቀበለች።

ወሩን በሰላም ጨረስነው። እኔ ጥቅምት ባተ ስል ግን እሷ 31 አለች። ለካ እሷ ያለችው ጃንዋሪ ውስጥ ነው! አንድ ቀን ማርፈድ በእኛ ዘንድ ቀጠሮ እንደ ማክበር ይቆጠራል ብዬ ዝም አልኳት። ሁለተኛው ወር ላይ ደግሞ 28 ስትደርስ ዘላ ሦስተኛው ውስጥ ገባች፤ ኅዳር 1 ቀን በአንድ ቀን ቀድማኝ ተገኘች። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። 31 ሲደመር 28 ሲደመር 31 እኩል ይሆናል 90። የእኛም ሦስት ወር 90 ቀን ነው! ታኅሣሥ 1 ቀን ታረቅን። ታኅሣሥንና ጥርን አንድ ቀን ሳንለያይ ኖርን። የካቲት ሲብት እሷ እንደገና 31 ብላ ተጣላን።

ሰዓቷም የራሷ ታሪክ አለው። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን 14:00 ትላለች፤ ይህ ለማንም አይጥምም። ቀኗ የሚለወጠው ግን ሲነጋ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ ነው። ማንም ሳያስተምራት እንደ አያቴ ትቆጥራለች። ይህን ያወቅሁ ዕለት ወደድኳት፤ ቀኗንም ላላስተካክል ማልኩ።

ይህን ሁሉ የመረመርኩ ሰው ጥምቀትን ላነሣ ጎንደር ስወርድ አንዲት ቁጥር አመለጠችኝ። የከተራ ማታ፣ ከፋሲል መዋኛ ዳር፣ በጧፍ ብርሃን ለማንሣት አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራዋ ለብርሃን ያላትን ስሜት፣ 3200 አድርጌው ነበር። ለጧፍ ልክ ነው። በማግሥቱ ግን ፀሐይ ወጥታ፣ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ልጆች ከቀሃ ወንዝ በተሞላው ውኃ ውስጥ እየዘለሉ፣ እኔ አሁንም 3200 ላይ ነኝ፤ ሌንሱም ኤፍ 4 ላይ እንደ ተከፈተ። ለዚያ ፀሐይ ሸተሩ፣ የብርሃን በሯ፣ ከሴኮንድ አንድ ሃምሳ ሺህኛ በላይ መፍጠን ነበረበት። የእኔዋ ከአንድ አራት ሺህኛ አታልፍም። «4000» የሚለው ቁጥር ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል እያየሁ ነበር፤ የበዓሉ ድምቀት መስሎኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስከፍታቸው ሰው የለም። መላእክት ብቻ የተገኙበት ጥምቀት ነው፤ እነሱም ጉም ውስጥ።

ደግነቱ ቀን ላይ፣ እናቴን ከማንሣቴ በፊት፣ ነቅቼ 100 ላይ መልሼዋለሁ። መዋኛውን ከከበበው ግንብ ሥር በነጠላዋ አቆምኳት፤ አነሣሁ፤ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ነጠላው የእኔ ነው» አለች። «ፊቴን ግን የት አደረስከው?»

እውነቷን ነው። ነጠላው አመድ መስሏል፤ ከጥለቱ በላይ የከሰል ክምር ተቀምጧል። የካሜራ መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ ሲደባልቁት ግራጫ ይወጣዋል ብሎ ይገምታል፤ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት ግራጫ ካርድ 18 በመቶውን ብርሃን የሚያንጸባርቀውም ለዚሁ ጉዳይ ነው። ነጠላ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል። አገር ምድሩ ነጭ ለብሶ በሚወጣበት ዕለት!

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃኝ። በፊልም ዘመን የባሰ ነበር። ኮዳክ ፎቶ ለሚያትሙ ላብራቶሪዎች በሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለዓመታት የኖረችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ» ይሏታል። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ልክ ነው ማለት ነው። ቡናማው ሁሉ አንድ ሆኖ ይወጣል ብለው አቤት ካሉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩበት፤ እነሱን የሚሰማ ተገኘ። የወንበር እግር ያሳዘነውን ሰው፣ አልበማችን ውስጥ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆነው የቀሩት አያቶቻችን አላሳዘኑትም። እኛም ፎቶ ቤት ቆመን «ጠቁሬ ወጣሁ» እያልን፣ ፀሐዩን እያማን፣ በሠርጋችን ዋዜማ ፊታችን ላይ ፓውደር እየነሰነስን ኖርን። ጥፋቱ የፊታችን አልነበረም። ይህን ማንም መጥቶ አልነገረን።

ይህን ሁሉ እናቴን አቁሜ አስረዳኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ከምትቆጣ ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩት። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ትንሽ ቁልፍ ተጭኜ መደመር አንድ አደረግኋት፤ ብርሃኑ እጥፍ ሆነ። ነጠላው ነጭ፣ ፊቷ ፊቷ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ንቅሳት ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ የተዋጣው ይኸው አንዱ ነው። ቨርጂኒያ የሄደውም እሱ ነው፤ «አዲስ የለህም?» የተባለውም በእሱ ነው።

ካሜራዋ ከዚያ ወዲያ መሳቢያ ገባች። ያወጣኋት በመስከረም 1 ቀን 2018 ነው፤ ጓሮዬ አደይ ለብሶ። ጤዛ ያለባት አንዲት አበባ መረጥኩ፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሣሁ። ቀኗን ብትሉ «2018 01 01»፤ ልክ! የ2017 ጳጉሜን አምስት ቀን ስለ ነበረች ሁለታችንም 365 ቆጥረን እኩል ገባን። አበባዋ ግን አበባ አይደለችም። የተላጠ ድንች ናት። ስንጥቅ የላት፣ ጤዛ የላት፣ ቢጫ የላት። የጎንደሯ መደመር አንድ ለስምንት ወር እዚያው ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ኖራለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ስሕተቶቼን ደርድሬ ሳያቸው አንዱም ካለማወቅ የመጣ አይደለም። 3200 ለጧፉ ልክ ነበር። መደመር አንድም ለነጠላው ልክ ነበር። በማግሥቱ ነው ያጠፉት።

ስለዚህ ካሜራ ያላችሁ ሰዎች፣ ከቤት ስትወጡ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች እዩ። እኔ ዛሬ አይቻለሁ፤ አንዱ 100፣ ሌላው ዜሮ ላይ ናቸው። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት። ካሜራዬ በአምስተኛው ዓመቱን ዘግታ፣ በስድስተኛው ዕለት ብቻዋን እንቁጣጣሽ ትላለች።