ፏፏቴውን ሲወጣ ጀሪካን አልያዘም

ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ተራ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሾፌርና የህንድ ፊልም ከተገናኙ፣ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ተረብ ይጀመራል። የሰሞኑ አጀንዳ «ባሁባሊ» ነው። ራጃሙሊ የተባለው የቴሉጉ ፊልም ዳይሬክተር የመጀመሪያውን ክፍል ያወጣው ሐምሌ 2007 ነው፤ የእኛ የከተማ ባቡር ሥራ ሊጀምር ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው። ወጪው ወደ 1.8 ቢሊዮን ሩፒ ይጠጋል።

«ፊልሙ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም» አለ ረዳቱ፣ ወደ ሐዲዱ እያየ።

ሾፌሩ የፊልሙ ጠበቃ ነው። «ጀግናው ያን የሚያህል ፏፏቴ በእጁ ሲቧጥጥ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ጀሪካን አልያዘም። የቃሊቲ ልጅ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።»

«ያንን የሺቫ ድንጋይስ? ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ ፏፏቴው ሥር አስቀመጠው እኮ!»

«እዚህ ቢሆን ጫኝና አውራጆች ‹በእኛ ቀጠና ማን ተሸከም አለህ› ብለው ሙሉ ሒሳብ ይቀበሉት ነበር።»

እዚህ ላይ ለሾፌሩ ልፍረድለት። ልጁ ድንጋዩን ከማንሳቱ በፊት እናቱ ለስለት ውሃ ስታመላልስ፣ ስትደክም አይተናል። ራጃሙሊ ጉልበቱን የሚያሳየን ምክንያቱን ካስያዘን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ውሸት መሆኑን እያወቅን እናጨበጭባለን። መክፈቻውንማ አታንሱብኝ። ንግሥቲቱ ሲቫጋሚ ጀርባዋ ላይ ቀስት ተሰክቶ ወንዙ ውጧታል፤ ከውሃው በላይ የቀረው አንድ ክንድ ብቻ ነው፣ መዳፉ ላይ ሕፃን። ራምያ ክሪሽናን ያንን ከሠራች በኋላ ፊልሙ ግማሹን ሒሳብ ከፍሏል።

«ባላንጣው ባላላዴቫ ከጎሽ ጋር የታገለውስ?»

«ያ ጎሽ ለልኳንዳ አይሆንም። ኮምፒውተር ነው የወለደው፣ አጥንት የለውም።»

«ሁለተኛው ክፍል ላይ ወታደሮቹ በጋሻ ተጠቅልለው በዘንባባ ዛፍ ወደ ምሽጉ ሲወነጨፉ!»

«ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ የሚወነጭፍ አንድ ባሕር ዛፍ ባገኝ ጠዋት ጠዋት ታክሲ አልሰለፍም ነበር።»

ታማኙ ወታደር ካታፓ አባትየውን ባሁባሊን ከጀርባው ወጋው፤ የመጀመሪያው ክፍልም አለቀ። ለምን እንደወጋው የታወቀው ሚያዝያ 2009 ነው። ሾፌሩ «ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ አንጀቴ አረረ» ቢል፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ አባት ቀና አሉ። «ልጄ፣ እኔ በ1997 ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤያለሁ። እስቲ ስለ መጠበቅ አታውራኝ።»

ቀልዱ ያለቀው አቫንቲካ ስትነሳ ነው። ልጅቷ ተዋጊ ናት። ጀግናው ይታገላትና ፀጉሯን ፈትቶ፣ የላይ ልብሷን ገፎ፣ ከንፈሯን አቅልቶ «ቆንጆ» ያደርጋታል፤ እሷም በዚሁ ትወደዋለች! ቡና የምታፈላው ልጅ ከረከቦቱ ሳትነሳ፣ «እኔን ሳያስፈቅድ ሊኩለኝ የመጣ፣ ይሄ ጀበና አናቱ ላይ ነው» አለች። በሁለተኛው ክፍል ልዕልት ዴቫሴና ሊነካካት የሞከረውን ሹም ጣት ስትቆርጥ ግን ስኒ ይዛ ቆማ እንዳጨበጨበች ራሷ ነገረችን።

ካላኬያዎቹ ደግሞ አሉ። ወራሪዎቹ ሁሉ ከሰል የመሰለ ቀለም ተቀብተዋል፤ ጥርሳቸው የበሰበሰ ነው፣ የሚያወሩት ለፊልሙ ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ጀግኖቹ ቀላ ቀላ ያሉ ናቸው። ሾፌሩ «ፊልም ነው፣ ተወው» አለ። ዘንባባውን ተውኩለት፣ ጎሹንም ተውኩለት። ይሄንን ግን ወጪ ስላነሰ ነው እንዳልል ገንዘቡ ሞልቷል፤ አስበውበት፣ ከፍለው ነው የቀቡት።

ረዳቱ ክንዱን ገልብጦ አየ። «ስንት ጊዜ ለባሁባሊ ጮኬያለሁ፤ ለካ ለተዋናይነት ቢወስዱኝ የምሰለፈው በማዶ ነው!»

ጥቅምት 2018 ሁለቱ ክፍሎች ተቆራርጠው አንድ ፊልም ሆነው ወጡ፤ የአቫንቲካ የፍቅር ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል አልኳቸው።

«ቀለሙስ?» አለ ረዳቱ።

«አለ።»

«ከአሥር ዓመት በኋላም አልለቀቀም? የት እንደሚሸጥ ጠይቅልኝ፣ ለመኪናችን።»