ንስሩ ኮልፌ ሲያርፍ

ኮልፌ አጠና ተራ ባሕር ዛፍ የሚሸጥ ሰው ተረት አያወራም። ደንበኛው ርዝመቱን ይጠይቃል፣ ውፍረቱን በእጁ ጨብጦ ይለካል፣ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን አገላብጦ ያያል፤ ከዚያ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ያልቃል። እንዲህ ባለ ኋላ ቀር አቀራረብ መኖሩ አንጀታቸውን የሚበላቸው ደግ ሰዎች ግን አልጠፉም። ስለዚህ ነጋዴው ለሥልጠና ይጠራል።

ርዕሱ «የሒሳብ መዝገብ አያያዝ» ነው እንበል። በኮልፌ ቀራኒዮ ካሉት አዳራሾች በአንዱ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ የታሸገ ውሃ ታድሏል፣ ፕሮጀክተሩም ከብዙ ልመና በኋላ በርቷል። አሠልጣኙ ማይኩን ሁለቴ መታ መታ ያደርግና ዝም ይላል። ዝምታው የተጠና ነው፤ ታዳሚን በታሪክ የመማረክ ጥበብ የሚጀምረው በእሱ ነው። ሰው ሁሉ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብሎ ቀና ሲል ንግግሩ ይከፈታል። የሚከፈተው ግን በሒሳብ መዝገብ አይደለም፣ በንስር ነው።

ንስሩን የማያውቅ ሠልጣኝ አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ይቸግራል። 40 ዓመት ሲሞላው ምንቃሩ ይጎብጣል፣ ጥፍሩ ይዶለዱማል፣ ላባው ይከብደዋል። ተራራ ላይ ይወጣና ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ይሰብራል፤ አዲሱ ሲበቅልለት ጥፍሩን፣ ቀጥሎም ላባውን ይነቅላል። ከ5 ወር በኋላ ታድሶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል። መዝሙረ ዳዊትም ስለ ንስር መታደስ ስለሚናገር ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ቢኖር እንኳ አፉን አይከፍትም። ከዚያ ትእዛዝ ይመጣል፦ «በጎናችሁ ላለው ሰው ‹አንተ ንስር ነህ› በሉት!» ጨዋው የአጠና ነጋዴም በጎኑ ወዳለው ሽማግሌ ዞር ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ንስር ነዎት» ይላል።

እውነተኛው ንስር ይህን ሥልጠና አልወሰደም። በዱር 40 ዓመት የሚደርስ ንስር ብርቅ ነው። ምንቃሩ ዕድሜ ልኩን እያደገ እየተሞረደ የሚሄድ ሲሆን፣ ቢሰበር የሚጠብቀው ረሃብ እንጂ ተሐድሶ አይደለም፤ 5 ወር ሳይበላ የሚቆይ ንስርም የለም። ኮልፌ ሉካንዳ ቤቶች አናት ላይ የሚዞረው ጭልፊት እንኳ ሥጋ ሲመነትፍ እንጂ ምንቃሩን ሲሰብር ያየው የለም። ግን ይህ ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር ደግሞ ታዳሚ ያሰለቻል።

ከኋላ አንድ እጅ ይነሣል። «ዓመቱ አልቆ ያልተሸጠ አጠና ቢተርፈኝ፣ ግማሹም ደርቆ ቢሰነጠቅ፣ በስንት ዋጋ ነው የምመዘግበው?» ጥያቄው ግሩም ነው። አሠልጣኙም ግሩም መሆኑን ይመሰክርና ወደ እንቁራሪቷ ያልፋል።

እንቁራሪቷ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ውሃው ቀስ እያለ ሲሞቅ ሳይታወቃት የምትቀቀለው ናት። እዚህ ላይ ሥልጠናው ሳያስበው ወደ እውነት ይጠጋል። ጎልትዝ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1869 እንቁራሪቶችን በውሃ ሲያሞቅ፣ ጤነኛዋ ሙቀቱ ሲበረታባት ለማምለጥ ታገለች። ሳትነቃነቅ የተቀቀለችው አስቀድሞ አንጎሏ የወጣው ናት። የኛዎቹ ሠልጣኞች እስከ ሻይ ሰዓት ከወንበራቸው ንቅንቅ አለማለታቸውን እዚህ ላይ ማንሣት ነውር ይሆናል።

አማዞን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን በታሪክ የመማረክ ጸጋ አላወቀበትም። ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2004 የአመራር ስብሰባዎችን ከፓወር ፖይንት አጸዳ፤ በምትኩ እስከ 6 ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ ቀርቦ ሁሉም መጀመሪያ በዝምታ እንዲያነቡት ተደረገ። ኩባንያው ያለ ንስር እንደምንም እየኖረ ነው።

የሥልጠናው ማሳረጊያ ማንዴላ ነው። አሠልጣኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትልቁ ፍርሃታችን ደካማነታችን ሳይሆን ኃያልነታችን ነው የሚለውን ቃል ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 በበዓለ ሢመቱ እንደተናገረው ይተርካል። ማንዴላ አልተናገረውም። ማሪያን ዊሊያምሰን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የጻፈችው ነው። አዳራሹ ግን ያጨበጭባል።

ያ አዳራሽ ያለው ኮልፌ ነው። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ በሚገኘው የፖሊስ ሠፈር ነበር። ጠመንጃ፣ ጥይትና ውሃ ብቻ ይዞ በተወሰነ ሰዓት ረጅም መንገድ መጓዝን ተማረ፤ ከኮሎኔል ታደሰ ብሩም የጦር አመራር ትምህርት ወሰደ። 6 ወር የታሰበው ሥልጠና ተቋርጦ ወደ አገሩ ሲጠራ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ በአዲስ አበባው የአፍሪካ ነፃነት ጉባኤ ላይ ባሰማው ንግግር በአገሩ የደረሰውን የቡልሆክ ጭፍጨፋ ከሟቾቹ ቁጥር ጋር ዘርዝሯል። ቁጥር! በአሁኑ አሠልጣኝ መመዘኛ ቢዳኝ «ስሜት የማይነካ አቀራረብ» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበት ነበር። ታሪክ በታሪክነቱማ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል? ችግሩ ከአዳራሹ ደጃፍ መገኘቱ ነው፤ የጎረቤት ታሪክ እንደ ሩቁ አይማርክም።

በዚህ አገር ተረት ተናጋሪ ሲጀምር «ተረት ተረት» ይላል፣ ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። የሚሰማው ተረት መሆኑን ሁለቱም ተስማምተው ይገባሉ። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ 42 ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ለልጆች ነበር፤ ተረቱንም የሒሳብ መዝገብ ብለው አልጠሩትም። በአዲሱ ጥበብ የላሙ በረት ቀርቷል። «አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለው ግን አልቀረም፤ በውል ተጽፎ፣ ግብር ተቆርጦለት ይከፈላል።

መሸት ሲል የቡድን ፎቶ ተነሥተው፣ የአበል መክፈያው ላይ ፈርመው፣ የመጨረሻዋን የአስተያየት ቅጽ ይቀበላሉ። «ከሥልጠናው ምን አገኙ?» ይላል አንዱ ጥያቄ። የአጠና ነጋዴው እስክሪብቶ ተውሶ ጥቂት ያስባል። ያልተሸጠው አጠናው ትዝ ይለዋል፤ ዋጋውን ግን አሁንም አያውቅም። ከዚያ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ንስሩ በጣም አሳዝኖኛል» ብሎ ይጽፋል።